ወይዘሮ አየርና ሰማያዊው ጠርሙስ

ወይዘሮ አየር ወተት ሳታሸት አትጠጣም። ሥጋ ስትገዛ የሚዛኑ ልሳን ዜሮ ላይ መቆሙን በዓይኗ ሳታረጋግጥ አታስመዝንም። ቤቷን ቆልፋ ከወጣች በኋላ እስከ መንገዱ መታጠፊያ ትሄድና ተመልሳ እጀታውን ትነቀንቃለች። ባሏ በሕይወት ሳለ “አንቺ እኮ የገዛ ጥላሽንም መታወቂያ ትጠይቂያለሽ” ይላት ነበር። “ቢያሳየኝ ምን ይጎዳዋል?” ትለዋለች።

ስሟን ያወጡላት የሰፈር ልጆች ናቸው። ትልቁን የቆዳ ቦርሳዋን አንግታ ብቅ ስትል “ወይዘሮ አየር መጣች፣ አየራችሁን ደብቁ!” እያሉ ይበተናሉ። ስሙ ቀስ በቀስ መሥሪያ ቤቷ ድረስ ተከትሏት ገባ፤ አሁን አለቃዋም የሚጠራት በዚሁ ነው። እሷም አልጠላችውም። ከቦርሳዋ በላይ የሚከብድ ስም አይደለም።

ሥራዋ የከተማዋን አየር መለካት ነው፤ ይበልጥ በትክክል፣ ከፋብሪካና ከመኪና ጭስ ጋር የሚወጣውን ሰልፈር ዳይኦክሳይድ የተባለውን ጋዝ። ክብሪት ሲጫር አፍንጫን ወጋ የሚያደርገው ሽታ የእሱ ነው። በየሰፈሩ በሰዎች ግቢ የተተከሉ የብረት ሳጥኖች አሏት። በእያንዳንዱ ሳጥን ውስጥ ትንሽ ፓምፕ ይሠራል፤ ከግድግዳው ወጥቶ እስከ ጣሪያው ጠርዝ በሚደርስ ቀጭን ቱቦ አየር ይስብና በጠርሙስ ባለ ውሃ መሰል ፈሳሽ ውስጥ ያሳልፈዋል። አየሩ ውስጥ ሰልፈር ካለ ፈሳሹ አሲድ ይሆናል። በየሳምንቱ ጠርሙሱን አውጥታ ሌላ ትተካለች። ያወጣችውን ላቦራቶሪ ወስዳ ጥቂት የቀለም ጠብታ ትጨምርበታለች። ሮዝ ከሆነ አሲድ አለ። ከዚያ ሮዙ ጠፍቶ ግራጫ እስኪሆን ድረስ የሶዳ ውህድ ጠብ፣ ጠብ ታደርግበታለች። ብዙ ጠብታ የፈጀ ጠርሙስ ክፉ አየር ያለፈበት ነው። ገና ከመነሻው ሰማያዊ የሆነ ጠርሙስ ግን ምንም አሲድ አልያዘም፤ በመሥሪያ ቤቱ አሠራር ዜሮ ይጻፍለታል።

ከሳጥኖቹ አንዱ በታላቅ እህቷ ግቢ ነው ያለው። ሳጥኑ ሲተከል በዚያ ሰፈር መብራት የማይጠፋበት፣ ሰውም የማያስቸግርበት ቤት ተፈልጎ ጠፋ፤ ሁሉም “ነገ ደግሞ ምን ልታስቆጥሩን ነው?” እያለ በሩን ዘጋ። ወይዘሮ አየር እህቷን ለመነቻት፤ እህቷም እሺ አለች። ከግቢው ጀርባ የሳሙና ፋብሪካው አጥር ነው። ከአጥሩ ማዶ አጭር የጭስ ማውጫ ቆሟል፤ ከሥሩ ከባድ ናፍጣ የሚያቃጥል ቦይለር አለ። ፋብሪካው አሁን ሁለተኛ ቦይለር ለመትከል ፈቃድ ጠይቋል። ፈቃድ ሰጪው ኮሚቴ የሚያየው ደግሞ ያ ሳጥን የሚያወጣውን ቁጥር ነው። ቁጥሩ ከፍ ካለ ቦይለሩ አይተከልም። ዝቅ ካለ ይተከላል፤ ጭሱም በቀጥታ የሚወርደው እህቷ ልብስ በምታሰጣበት ገመድ ላይ፣ ገመዱን አልፎም በመኝታ ቤቷ መስኮት ነው።

ነገሩ የተጀመረው ጠርሙሱ ሰማያዊ በሆነ ጊዜ ነው። ወይዘሮ አየር መጀመሪያ ጠርሙሱን፣ ከዚያ የቀለሙን ብልቃጥ፣ ከዚያ የራሷን እጅ ጠረጠረች። በሚቀጥለው ሳምንት ሁሉንም አጥባ፣ አድርቃ፣ እንደ አዲስ ሞክራ ያው ሆነ። በሦስተኛውም ያው። የእህቷ በር ላይ ስትደርስ ጭሱ ጉሮሮዋን እየከረከራት ጠርሙሱ ግን ከተራራ ጫፍ የመጣ ይመስላል።

ሰማያዊ ዝም ብሎ ንጹሕ ማለት እንዳልሆነም ታውቃለች። ንጹሕ አየር ያለፈበት ፈሳሽ ግራጫ እንደሆነ ነው የሚቀረው። እንዲህ ደምቆ ሰማያዊ የሚሆነው አንድ ነገር ገብቶ አሲዱን ሲያጠፋው ነው። አሲድን የሚያጠፋ ነገር በየቤቱ ሞልቷል፤ ከሁሉም ቅርቡ ሳሙና ነው። የእህቷ ባል ደግሞ የሳሙና ፋብሪካው ቦይለር ሠራተኛ ነው።

ሁለተኛው ቦይለር ሲመጣ የፈረቃ አለቃ ይሆናል የሚል ወሬ ሰምታለች። ከማን እንደሰማች ግን አታስታውስም፤ ይህም አናደዳት፤ ምክንያቱም ምንጩን የማታውቀውን ወሬ ማመን አትወድም። ቢሆንም አመነችው።

በአራተኛው ሳምንት ግቢው ስትገባ ዓይኗ እንደ ወትሮው ወደ ሳጥኑ ሳይሆን ወደ ሰውየው የሥራ ጃኬት ሄደ። ገመድ ላይ ተሰቅሏል። እጅጌው ጫፍ ላይ ነጭ ዱቄት አለ። በጣቷ ነካ አድርጋ አሸተተችው፤ ሳሙና ነው። ከሳሙና ፋብሪካ የመጣ ጃኬት ሌላ ምን ሊሸት ይችላል የሚለውን ጥያቄ ለራሷ አላነሳችም።

ከዚያ የዶሮ ቤቱን አየች። ድሮ ከግቢው ማዶ ጥግ የነበረው የእህቷ ዶሮ ቤት አሁን ከሳጥኑ አጠገብ፣ ከጣሪያው ጥላ ሥር፣ ግድግዳውን ተደግፎ ቆሟል። ጣሪያው ላይ አዲስ ቆርቆሮ ተመትቶበታል። ባለፈው ጊዜም እዚያው እንደነበረ አሁን ትዝ አላት፤ ያን ጊዜ ግን ቸኩላ ነበርና ነገሬ አላለችውም።

“እትዬ፣ የዶሮ ቤቱን እዚህ ያመጣው ማነው?”

እህቷ ከማጀት በር ላይ ሆና እጇን በሽርጧ ጠረገች። “ማን ያመጣዋል? ባሌ ነዋ። እዚያ ጥግ ዝናብ በመጣ ቁጥር እየተጥለቀለቀ ጫጩቶቼን ጨረሰብኝ። እሑድን ሙሉ ሲቀጠቅጥ ዋለልኝ፤ አውራ ጣቱን እንኳ መትቶታል ምስኪን።”

“ከዚህ ሁሉ ቦታ ከሳጥኔ ሥር?”

“ከሳጥንሽ ሥር አይደለም፣ ከጣሪያው ሥር ነው። ዶሮዎቼ ሳጥንሽን ምን ያደርጉታል? ቁልፍ አላቸው እንዴ?”

“ዶሮዎቹማ ቁልፍ የላቸውም።”

ሳጥኑ ሁለት ቁልፍ አለው። አንዱ ከወይዘሮ አየር አንገት አይወርድም። ሁለተኛው ለድንገተኛ ነገር ተብሎ እህቷ ማጀት በር ጀርባ ምስማር ላይ ተሰቅሏል። ጠዋትና ማታ እንቁላል ለመልቀም ወደ ዶሮ ቤቱ የሚሄድን ሰው ‘እዚያ ምን ታደርጋለህ?’ ብሎ የሚጠይቅ የለም። ጥሩ ሽፋን ነው አለች በልቧ፤ እንዲያውም ለእሱ ይበዛበታል።

እህቷ ፌስታል አቀበለቻት። “በይ እንቁላልሽን ያዢ። ደግሞ እንደ ሐኪም አንድ በአንድ እንዳትመረምሪያቸው፤ የዛሬ ናቸው።”

እቤቷ ስትደርስ አንድ በአንድ ወደ አምፖሉ አንስታ አየቻቸው።

በማግሥቱ ከመጋዘን ትርፍ ሳጥን አስወጥታ ከእህቷ ግቢ ፊት ለፊት፣ ከጠባቧ መንገድ ማዶ ወዳለው ልብስ ሰፊ ሄደች። አየሩ ያው፣ ጭሱም ያው ነው። የእሱ ጠርሙስ ሮዝ፣ የእህቷ ሰማያዊ ከሆነ ሌላ ማስረጃ አያስፈልግም።

ልብስ ሰፊው መርፌ በከንፈሩ ሲይዝ ብቻ ዝም የሚል ሰው ነው።

“ሳጥኑን ለማንም እንዳይናገሩብኝ” አለችው።

“እኔ? ይኸውልሽ፣ የዚህን ሰፈር ሴት ሁሉ የወገብ ልክ አውቃለሁ። ለባሎቻቸው እንኳ ተናግሬ አላውቅም።”

ሳጥኑን ከኋላ ግድግዳው ላይ ሰቀለችው። ከዚያ ወደ እህቷ ግቢ ተሻገረች፤ አዲስ ጠርሙስ አስገብታ በሩን ከቆለፈች በኋላ ግራና ቀኟን አይታ ከራሷ ላይ አንድ ረጅም ፀጉር ነቀለች። በሳጥኑ በርና በጠርዙ መካከል በምራቋ ለጠፈችው። በሩን የከፈተ ሰው ሳያውቅ ያላቅቀዋል።

በሳምንቱ ስትመለስ ፀጉሩ በአንድ ጫፉ ተንጠልጥሎ ነፋስ ያወዛውዘዋል።

በሩን ከፈተች። ጠርሙሱ ላይ በተለጠፈው ወረቀት፣ ልክ ፈሳሹ በደረሰበት ቁመት፣ በእርሳስ የተሰመረች ቀጭን መስመር አለች። እሷ አላሰመረችም። ለረጅም ጊዜ ቆማ አየቻት። አንድ ሰው ከዚህ ጠርሙስ የቀዳውን ያህል ሌላ ነገር መልሶ ለመሙላት ልኩን ይዟል ማለት ነው። እንዲህ ተጠንቅቆ የሚሠራ ሰው ይሆናል ብላ አላሰበችም ነበር፤ በጥቂቱም ቢሆን አደነቀችው።

ላቦራቶሪ ገብታ ሁለቱን ጠርሙሶች ጎን ለጎን አቆመች። ቀለሙን ጨመረች። የልብስ ሰፊው እንደ ጽጌረዳ ቀላ፤ የሶዳው ጠብታ ደጋግሞ ወርዶበትም ቶሎ አልተሸነፈም። የእህቷ ሰማያዊ ሆነ።

ለአለቃዋ ወዲያው መንገር ነበረባት። ብትነግረው ግን ነገሩ ወደ ፖሊስ ይሄዳል፤ ፖሊስ የሚያንኳኳው የእህቷን በር ነው። ዝም ብትል ደግሞ ኮሚቴው ዜሮውን ያነባል፤ ቦይለሩም ይተከላል። መጀመሪያ ሰውየውን ፊት ለፊት ልታየው ወሰነች።

በዕረፍት ቀኑ አገኘችው። በረንዳ ላይ ተቀምጦ ሽበታም ራሱን ደፍቶ የተሰበረ ወንበር እግር በሽቦ እያሰረ ያስላል።

“ጋሼ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎት።”

“ጠይቂ። ከመጠየቅ መቼ ቦዝነሽ ታውቂያለሽ?”

“ሳጥኑን ማነው የከፈተው?”

“እኔ” አለ።

ይክዳል ብላ ነበር የተዘጋጀችው። “እና ምን ጨመርክበት?” አለች። “አንተ” ስትለው በዘመኗ ይህ የመጀመሪያዋ ነው።

ሰውየው ሽቦውን ጣለው። “ይህን የምጠይቀውስ እኔ ነኝ። አንቺ ምን ጨመርሽበት?”

“እኔ?”

“አንቺ! በሰፈሩ ስብሰባ ምን እንደተነበበ ሰምተሻል? የአካባቢው አየር ንጹሕ ነው ተባለ። ዜሮ! ሰው ሁሉ ዞሮ አየኝ። አንዱማ ‘የሚስትህ እህት አፍንጫዋን የት አስቀምጣ ነው የምትመጣው?’ አለኝ። እኔ እዚህ ሳንባዬ እስኪወጣ አስላለሁ፤ አንቺ ዜሮ ትጽፊያለሽ። ማን ገዛሽ?”

“እኔን ማን ይገዛኛል! ጠርሙሱ ላይ በእርሳስ ያሰመርከውስ?”

“ፈሳሹ የት ድረስ እንደነበር ልወቅ ብዬ ነዋ! ስትመጪ የሆነ ነገር ስትጨምሪበት ልያዝሽ ብዬ። በዚያ ላይ ልብስ ሰፊው ጋ ሌላ ሳጥን በድብቅ ሰቅለሻል። ንጹሕ ሰው ምን በድብቅ ያሰቅለዋል?”

“ይህን ማን ነገረህ?”

“ሱሪዬን ሲለካኝ ነግሮኝ ነዋ።”

ወይዘሮ አየር የመጨረሻ ካርዷን መዘዘች። “የፈረቃ አለቃ ሊያደርጉህ አይደል?”

ሰውየው ሳቀ፤ ሳቁ መልሶ ሳል ሆነበት። “የምን አለቃ? አዲሱ ቦይለር ራሱን በራሱ የሚያበራ፣ ራሱን በራሱ የሚያጠፋ ነው። እሱ የመጣ ቀን የእኔ እንጀራ አለቀ። አለቃ የምሆነው የማን ነው? የበሩ?”

እህቷ ከማጀት ወጣች። ድምፃቸውን መንገደኛ ሁሉ ሰምቶታል። “ጨረሳችሁ?” አለች። “አንዳችሁም ሌባ አይደላችሁም፤ ሁለታችሁም ግን ቂሎች ናችሁ። አንቺ አዲስ ጠርሙስ ክተቺ። በርጩማ አመጣለሁ። አንቺ እዚህ፣ አንተ እዚያ፣ ሳጥኑን መሐል አድርጋችሁ ተያዩ። የሚነካው ካለ ይታያል።”

እንዲህም አደረጉ። ጎልማሳ ሰዎች መሆናቸውን ረስተው በሁለት በርጩማ ላይ ፊት ለፊት ተቀመጡ። ፓምፑ ያንጎራጉራል። ዶሮዎቹ ከአጠገባቸው ይጭራሉ። ሰውየው አንዴ ተነሣ።

“የት ነው?” አለች።

“ሽንት ቤት። ይፈቀዳል?”

“ይሂዱ። ሲመለሱ ግን እጅዎን ያሳዩኝ።” ንዴቷ በረድ ሲል “እርስዎ”ም ተመልሷል።

“እጄማ ሳሙና ሳሙና ይላል፤ ከጎረምሳነቴ ጀምሮ እንዲሁ ነው። ሚስቴን ጠይቂያት።”

ሲመለስ እውነትም ሁለቱን መዳፎቹን እንደ ተማሪ ዘርግቶ አሳያት። አየቻቸው። አውራ ጣቱ ጥፍር በመዶሻ ተመትቶ ጠቁሯል።

ፀሐይዋ አናት ላይ ስትደርስ የዶሮ ቤቱ ቆርቆሮ ጋለ። ከሥሩ የሚነሣው ሽታ እየከበደ ሄዶ ዓይኗን ለበለባት። እንባዋ ወረደ።

“አሁን ደግሞ ልታለቅሺልኝ ነው?” አለ ሰውየው፤ ደንገጥ ያለም ይመስላል።

“ማን አለቀሰ? ዓይኔን አቃጠለኝ እንጂ።”

“ዶሮዎቹ ናቸው” አለች እህቷ፤ ሻይ ይዛ መጥታ ነበር። “በዚህ ሰዓት ሁልጊዜ እንዲህ ነው፤ ፀሐይዋ ስታግለው ኩሱ ይነሣል። እኔስ ለመድኩት። እንዲያውም ወድጄዋለሁ። እሱ ሲሸት የፋብሪካው አይሸተኝም። አንዱ አንዱን ያጠፋልኛል።”

ወይዘሮ አየር ብርጭቆውን ከአፏ አጠገብ እንደያዘች ቀረች።

“ምን አልሽ እትዬ?”

“ምን አልኩ? ሻይሽን ጠጪ።”

“አንዱ አንዱን ምን ያደርገዋል?”

አልጠበቀችም። ሻዩን አስቀምጣ ወደ ላይ አየች። ከሳጥኑ የሚወጣው ቱቦ ግድግዳውን ይዞ ይወጣና ከጣሪያው ጠርዝ ሥር አፉን ወደ ታች ደፍቶ ያበቃል። በቀጥታ ከሥሩ ያለው የጋለው የዶሮ ቤት ቆርቆሮ ነው። ከዶሮ ኩስ አሞኒያ ይወጣል፤ አሞኒያ ደግሞ አሲድን ልክ እንደ ሳሙና ያጠፋል። ይህን ስልጠና ላይ ተምራዋለች። ሳጥኑ በተተከለ ጊዜም ዶሮ ቤቱ ከማዶ ጥግ እንደሆነ አይታ፣ ርቀቱን ለክታ፣ ይበቃል ብላ ነበር። ዶሮ ቤቱ ተነሥቶ ሲመጣ ያየችው ግን ያመጣውን ሰው ብቻ ነው። እጅ ስትፈልግ ክንፉን አላየችውም።

ከቦርሳዋ ትንሽ የመስታወት ሳህን አወጣች። ጥቂት ፈሳሽ አፍስሳ ቀለም ጨመረችበት፤ ግራጫ ነው። ዶሮዎቹን አባርራ ሳህኑን እርጥቡ ኩስ አጠገብ አስቀመጠችና ባልዲ ደፋችበት። ሦስቱም ሻያቸውን ጠጡ። ባልዲውን ስታነሣው ሦስቱም እኩል ጎንበስ ብለው የሰውየው ግንባር ከእሷ ግንባር ጋር ተጋጨ። ሳህኑ ጥርት ያለ ሰማያዊ ሆኗል።

ሰውየው ሳህኑን፣ ከዚያ ዶሮዎቹን አየ። “ታዲያ ጥፋተኛዋ የትኛዋ ናት? ያቺ ጥቁሯ?”

“ሁሉም ናቸው።”

“በሉ እንግዲህ እጃችሁን አሳዩ!” አለ ወደ ዶሮዎቹ ዞሮ።

እህቷ አልሳቀችም። “እኔ ዶሮዎቼን ወደዚያ ጉድጓድ መልሼ አላሰጥምም። ከሁለት አንዱን ምረጪ ካላችሁኝ ሳጥናችሁን ይዛችሁ ውጡልኝ።”

“ሳጥኑ ከወጣ ዜሮው እንደ ተጻፈ ይቀራል እትዬ። ቦይለሩ ይተከላል።”

እህቷ ቀና ብላ ወደ አጥሩ ማዶ፣ ወደ ጭስ ማውጫው አየች።

የወይዘሮ አየር አለቃ ከእሷ በዕድሜ የሚያንስ፣ የጃኬቱን ቁልፎች እስከ አንገቱ የሚቆልፍ ሰው ነው። ታሪኩን ሲሰማ አላቋረጣትም። ስትጨርስ ግን እስክሪብቶውን ጠረጴዛው ላይ አስተካክሎ አጋደመው።

“ሳጥኑ ያለው የማን ግቢ ነው ያሉኝ?”

“የእህቴ።”

“የእህትዎ። ቁልፉስ?”

“አንዱ እኔ ጋ ነው። አንዱ እህቴ ቤት።”

“የእህትዎ ባል የት ነው የሚሠራው?”

“ሳሙና ፋብሪካው።”

“እና የኮሚቴው ስብሰባ ሲደርስ፣ ከእህትዎ ቤት ጀርባ የሚተከለውን ቦይለር የሚያስቀር ዶሮ ተገኘ።” ድምፁን አላነሳም። “ወይዘሮ አየር፣ እርስዎ በእኔ ቦታ ቢሆኑ ማንን ይጠረጥሩ ነበር?”

“ሁሉንም” አለች። “ከእኔ ነበር የምጀምረው።”

መልሱ ሳያስደስተው አልቀረም። ዶሮ ቤቱ ይነሣ፤ አዲስ ጠርሙስ ይግባ፤ ሳጥኑን እሱ ራሱ በሽቦና በእርሳስ ብረት ማኅተም ያሽገዋል፤ ሁለቱም ቁልፎች እሱ ዘንድ ይቀመጣሉ። ስብሰባው ከመድረሱ በፊት አብረው ይከፍቱታል። ጠርሙሱ ደግሞ ሰማያዊ ከሆነ ዜሮው ይጸናል፤ እሷም ሳጥኑን ለሌላ ሰው ታስረክባለች።

የእህቷ ባል ዶሮ ቤቱን ወደ ድሮው ጥግ ወሰደው። ይህን ጊዜ ግን ጎርፍ እንዳይደርስበት ከአሮጌ የአልጋ ብረት አራት ረጃጅም እግር ሠራለት። እህቷ ዝናቡ እስኪመጣና በዓይኗ እስክታይ ድረስ አላምንም አለች፤ ጫጩቶቿንም እስከዚያው በካርቶን አድርጋ ማጀት አስገባቻቸው። ሰውየው ከሳጥኑ ሥር ያለውን አፈር ሳይቀር ቆፍሮ አውጥቶ መሬቱን በውሃ አጠበው። ወይዘሮ አየር ተንበርክካ ግድግዳውን አሸተተች። “ይቺ ቦታ ገና ትሸታለች” አለች። እሱም እንደገና አጠበ። አለቃዋ መጥቶ ማኅተሙን አሰረ።

በዚያ ሳምንት መሐል ጭስ ማውጫው ድንገት ጸጥ አለ። ወይዘሮ አየር ከመንገዱ ማዶ ሆና አየችው። ፋብሪካው ስለ ሙከራው ሰምቶ ነው ያጠፋው ብላ ጠረጠረች። ሮጣ የእህቷን ባል ጠየቀችው።

“ቦይለሩን ለምን አጠፋችሁት?”

“ለጽዳት።”

“ያዘዘው ማነው?”

“ተራው ስለደረሰ ነዋ። በየጊዜው ይጸዳል። ነገ እንለኩሰዋለን።”

“እርስዎ ነዎት የሚለኩሱት?”

“እኔ ነኝ።” እጁን በሱሪው ጠረገና “ከፈለግሽ መጥተሽ ከአጥሩ ቀዳዳ እዪኝ” አላት።

ሄዳ አየችው። ጥቁሩ ጭስ ከማውጫው አፍ ሲወጣ በማየቷ ለመጀመሪያ ጊዜ ደስ አላት፤ ወዲያውም በዚህ ደስታዋ አፈረች።

በቀጠሮው ቀን አለቃዋ በማለዳ ደረሰ። እህቷና ባሏ ራቅ ብለው ቆሙ። አለቃዋ ማኅተሙን ለመቁረጥ ሲያጎነብስ ወይዘሮ አየር ዓይኗን ወደ በሩ ጠርዝ ጣል አደረገች። ማኅተሙ በታሰረ ማግሥት ማንም ሳያያት የለጠፈችው ረጅም ፀጉሯ እንደ ተወጠረ ነው። ከሱ ትንሽ ዝቅ ብሎ ደግሞ ሌላ ፀጉር ተለጥፏል። አጭር ነው፤ ሽበት ነው። እሱም አልተበጠሰም። ቀና ብላ የእህቷን ባል አየችው። እሱ ጭስ ማውጫውን እያየ ነበር።

ላቦራቶሪ ውስጥ አለቃዋ ከአጠገቧ አልራቀም። የቀለሙን ብልቃጥ ከእጇ ወስዶ አሸተተ፤ ጠብታውን እሱ ራሱ ጨመረ። ፈሳሹ ለአፍታ ያቅማማ መሰለ። ከዚያ ከሥሩ ጀምሮ ቀላ፤ ሮዝ ሆነ። የሶዳውን ጠብታ እሷ ለቀቀች፤ እሱ ጎንበስ ብሎ ቆጠረ። ግራጫው ሲመጣ ቀና ብሎ የልብስ ሰፊውን የዚያኑ ሳምንት ጠርሙስ እንድታመጣ ጠየቃት። ሁለቱ በጥቂት ጠብታ ብቻ ተበላለጡ።

አለቃዋ እጁን ታጥቦ ጃኬቱን ቆለፈ። ሰማያዊ ሆነው ዜሮ የተጻፈላቸው ሳምንታት ሁሉ እንዲሰረዙ፣ በምትካቸውም የዛሬው እንዲቀርብ ለኮሚቴው እንደሚናገር ነገራት። በሩ ጋ ደርሶ ዞር አለ።

“ዶሮዎቹ ለመሆኑ እንቁላል ይጥላሉ?”

“ይጥላሉ።”

“ይዤልዎት መጥቻለሁ እንዳይሉኝ።”

“አላመጣሁም” አለች።

ኮሚቴው ቦይለሩን አልፈቀደም። ጭስ ማውጫው ከፍ ካላለ፣ ነዳጁም ካልተቀየረ በቀር ጥያቄው ዳግመኛ አይታይም ተባለ። አሮጌው ቦይለር ግን ይነዳል፤ የሚለኩሰውም የእህቷ ባል ነው፤ ሳሉም አልተወውም። ዝናቡ መጣ። ዶሮ ቤቱ በአልጋ እግሮቹ ላይ ቆሞ ጎርፉን በሥሩ አሳለፈው፤ እህቷም በመስኮት አይታ ስታበቃ ካርቶኑን ከማጀት አወጣች።

ወይዘሮ አየር አሁንም በየሳምንቱ ትመጣለች። ሁለተኛው ቁልፍ ወደ ምስማሩ ተመልሷል። አንድ ቀን ጠርሙሱን ልትቀይር ስትጠጋ በሩ ጠርዝ ላይ አጭሩን ሽበት አገኘችው፤ ሳይላቀቅ። እሷ ባለፈው ሳምንት ምንም አልለጠፈችም ነበር፤ ከእንግዲህ አያስፈልግም ብላ። በጥንቃቄ አንሥታ መዳፏ ላይ አስቀመጠችው። ጠርሙሱን ቀየረች፤ በሩን ቆለፈች፤ እጀታውን ነቀነቀች። ሽበቱን ከቦታው መልሳ ለጠፈችው።

ግራና ቀኟን አየች። ማንም የለም። ከራሷ ላይ አንድ ፀጉር ነቅላ ከእሱ አጠገብ ለጠፈች።